በሰው ግድግዳ

ማክሰኞ፣ መስከረም 26

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጻፍ... ያሳፍራል መሰለኝ። ከእኛ ክፍል ይልቅ የእነ ማ ኖምቩላን ኩሽና እወዳለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አባዬ ቢሰማ ያዝናል።

ጠዋት ዳቦ መጣ። ሳጥኖቹን ጎትቼ አስገባሁ። አባዬ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ይሸጣል፣ እኔ ከኋላ አቀብላለሁ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «ማይፍሬንድ! ማይፍሬንድ! ቺፕስ!» እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ የሀበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይፍሬንድ ነው። አባዬም ማይፍሬንድ፣ እኔም ማይፍሬንድ። ዘለቀ ብለው የሚጠሩት አከራዮቻችን ብቻ ናቸው። እኔን ደግሞ ቲቲ ይሉኛል። ትህትና ማለት አቅቷቸው።

ሱቃችን የነሱ ጋራዥ ነው። የምንተኛው ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል። ትልቋ አከራያችን ማ ኖምቩላ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ሌላዋ፣ ዲኔዎ፣ ተማሪዎች የምታመላልስበት ሚኒባስ አላት። ከሥራ ሲመለሱ ማ ኖምቩላ ሂሳብ ታስጠናኛለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ፔፐራችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ አልታደስ ሲል ነው ያቋረጥኩት። በጥር የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ትፈልጋለች።

«አፍሽን ካልከፈትሽ ግን ማንም አያስተምርሽም፣» አለችኝ ዛሬም።

«ተያት፣» አለች ዲኔዎ፣ «እሷ በዓይኗ ነው የምታወራው።»

አባዬ እህትማማቾች ይመስሉታል። አይደሉም። ሳሎናቸው ውስጥ የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሏል፣ ሁለቱም ነጭ ለብሰው። በዚህ አገር ሕግ ይፈቅዳል። አባዬ ግን ሳሎን ገብቶ አያውቅም፣ ከኩሽናው በር ሰላም ብሎ ነው የሚመለሰው። እኔ መጀመሪያ ሳውቅ ደነገጥኩ። ከዚያ ለመድኩት። ከዚያ ረሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ይረሳል። ሲጨቃጨቁ ስሰማቸውማ፣ ማን ሳህን ያጥባል፣ ማን በሩን ይቆልፋል... እማዬና አባዬም እንደዚያው ነበሩ።


ሐሙስ፣ መስከረም 28

ፋንታሁን ሚስት ሊያገባ ነው። ሱቁ ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ ላይ ነው። ፀጉሩን መቀባት ጀምሯል። የዚህን አገር ሴት ካገባሁ ፔፐር አያስጨንቀኝም ይላል።

አባዬ ፍሪጁን ሲጠግን አግዢኝ በሚል ሰበብ ጠራኝ። «ዲኔዎ ጥሩ ልጅ ናት አይደል? ሠራተኛ ናት። ለፋንታሁን ስጪን ብለን ታላቋን እንጠይቃለን። እሑድ ሽማግሌ ሆነን እንገባለን። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።»

«አባዬ... እነሱ...»

«እነሱ ምን?»

«...ምንም።»

ምንም! ለምን ምንም አልኩ? ቃሉ አፌ ላይ ነበር። በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው? ሳልሳደብ የሚባልበት ቃል ጠፋኝ። የማውቀው ስድቡን ብቻ ነው።


እሑድ፣ ጥቅምት 1

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ከቅዳሴ መልስ መጡ። አባዬ፣ የሀበሻ ባለሱቆቹ ሁሉ የሚሰሙት ጋሽ ብዙነህ፣ ከዳቬይተን ሰፈር የመጣ አንድ ሌላ ሽማግሌ። ጋሽ ብዙነህ በዚያ ሙቀት ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። «ቀጥ አድርገሽ ንገሪልን፣ የኔ ልጅ። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

ማ ኖምቩላ ሳሎን አስገባችን። ተቀመጡ አለች። አልተቀመጡም።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም በያት።»

አልኳት። ደረቷን ያዘች። «ማን ሞተ?»

ጋሽ ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። የመጣነው ለመልካም ነገር ነው፣ ታናሽ እህትዎን ለወንድማችን ለአቶ ፋንታሁን... ተረጎምኩት። በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነበር።

«ሀይቦ!» አለች ማ ኖምቩላ። «ለሎቦላ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ለጥሎሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ሳቅ። ሶፋው ላይ እስክትወድቅ። «ዲኔዎ! ነይ ውጪ፣ ባል መጥቶልሻል!»

ዲኔዎ እጇ ላይ ሳሙና እንዳለ ከኩሽና ወጣች። ማ ኖምቩላ እንባዋን እየጠረገች፣ «ንገሪያቸው ቲቲ። ባለትዳር ናት።»

«ባለትዳር ናት ብላለች፣» አልኩ።

አባዬ ከንፈሩን መጠጠ። ጋሽ ብዙነህ ግን በትሕትና አንገቱን ነቀነቀ። «ትዳሯን ይባርክላት። ባለቤቷን ሰላም ሳንል ብንሄድ ነውር ነው። የት ነው?»

ይሄን አልተረጎምኩም። አልቻልኩም። ሁሉም እኔን ያያል። ማ ኖምቩላ ሳልነግራት ገባት። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ተነሳችና ፎቶውን በእጇ አሳየች።

«የሎቦላውን ላሞች የከፈልኩት እኔ ነኝ። የኔም ሽማግሌዎች አባቷ ደጅ እንደ እናንተው ቆመዋል። ፀሐይ ላይ። እነሱም አልተቀመጡም።»

አባዬ ፎቶውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከፎቶው ይልቅ እኔን ነው ብዙ ያየኝ።

ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 2

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ከሽማግሌ ጋር ስቆም ዝም አልሽ።»

ጋሽ ብዙነህ ስልክ አያነሳም። ፋንታሁን «አዋረዳችሁኝ» ብሎ መልእክት ልኳል፤ የሀበሻ ባለሱቅ ሁሉ ሰምቷል። አባዬ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ መልስ ተሳስቶ ሲሰጥ ዋለ። ወደ ማታ፣ «እኔ ሰው አልጠላም። ግን ነውር ነው። ነውርን ነውር ማለት መጥላት ነው?» አለኝ። እየጠየቀኝ ነበር መሰለኝ። የምር።

እዚያ ቤት እንዳልገባ ከልክሎኛል። ሂሳብም ቀረ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው...

ሚስተር ኮዛ ባለሱቆቹን የሰፈሩ አዳራሽ ሰበሰበ። ለካውንስለርነት፣ ለሰፈሩ ምክር ቤት ተመራጭነት፣ በግሉ የሚወዳደር ነው። ስብሰባውን ያመቻቸው ፋንታሁን ነው። አስተርጓሚ ሲጠፋ አባዬ ክንዴን ገፋ አደረገኝ። ድምፄ አይሰማም፣ ከኋላ «ጮክ!» ይሉኛል።

ኮዛ እንዲህ አለ፤ ድሮ ስህተት ተሠርቷል። እናንተ ትጾማላችሁ፣ ትጸልያላችሁ፣ አውቃለሁ። ጠላታችን ዳቦ የሚሸጥልን ሰው አይደለም። ጠላታችን ትዳርን የሚያፈርስ ነው። በዚህ ሰፈር አሉ። ቤታቸውን እናውቃለን።

ቤታቸውን እናውቃለን... ይሄንንም በገዛ አፌ ተረጎምኩት። ፋንታሁን ጫማውን ያያል።

ጋሽ ብዙነህ እጁን አወጣ። «እኛ የውጭ ዜጎች ነን። ድምፅ የለንም። ከእኛ ምን ይፈልጋል በይው።»

ኮዛ ሳቀ። «ግድግዳ አላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ እናንተ ጋ ነው ዳቦ የሚገዛው።» የእኔን ፖስተር የለጠፈ ሱቅ ማንም አይነካውም አለ። ያልለጠፈ... እሱንማ ወጣቶቹን እኔ አልቆጣጠራቸውም።

አዳራሹን የምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «ውሃውስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ከሰኞ ጀምሮ ቧንቧ ደርቋል። ኮዛ ስለ ውሃ አንድ ቃል አልተናገረም።

እኔ አውቀዋለሁ ይሄን ሰው። ሱቆቹ የተዘረፉ ጊዜ ፒክአፕ ላይ ቆሞ በማይክሮፎን «የውጭ ሰዎች ከሱቃችን ይውጡ» ሲል የነበረው እሱ ነው። ያን ቀን ማ ኖምቩላና ዲኔዎ ዕቃችንን ተሸክመው አልጋቸው ላይ ከመሩት። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሁሉንም። ከዚያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር በሩ ላይ አውጥተው ተቀመጡ። ሲመሽም አልገቡም። እኔና አባዬ ቁም ሣጥናቸው አጠገብ መሬት ላይ ተኮራምተን ነበር።

ያኔ ተራው የእኛ ነበር። ዘንድሮ ተራው የነሱ ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 6

ፖስተሩን አባዬ ራሱ ሰቀለው። በሽቦ፣ ፍርግርጉ አጠገብ ግድግዳው ላይ። «ትዳር የወንድና የሴት ነው። ሰፈራችንን እናጽዳ። ኮዛን ምረጡ።» እሱ እንግሊዝኛ በደንብ አያነብም። «ምን ይላል?» አለኝ። ነገርኩት። «እና ይሄ ውሸት ነው?» አለ። ድምፁ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ዲኔዎ ሚኒባሷን ስታስገባ አየችው። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች።

«ማይፍሬንድ!»

ዘለቀ አላለችውም። ማይፍሬንድ አለችው። አባዬም ሰማው፣ ፊቱ ተለወጠ።

«በኔ ግድግዳ ላይ? በኔ?»

ማ ኖምቩላ የክሊኒክ ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። አነበበችው። «ካውንስለር ስለ ትዳር ምን አገባው? ቧንቧውን ይጠግን!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ንገሪው ቲቲ። አላስወጣችሁም። አልነቅለውምም። የሰቀለው ራሱ ይንቀለው።»

ነገርኩት። አባዬ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገው። «ፈርቼ ነው በያት፣» አለ። አፌን ልከፍት ስል፣ «ተዪው። ምንም አትበያት።»

ወደ ማታ ማ ኖምቩላ በፍርግርጉ በኩል መጣች። «አንድ ዳቦ።» ፖስተሩ ከጭንቅላቷ በላይ። አባዬ ዳቦውን ሲያቀብላት ቀና ብሎ አላያትም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

እንደኛው ስደተኛ ባለሱቅ የሆነችውን የራዚያን ሱቅ ዘጉት። ባሏ ከሞተ ብቻዋን ነበር የምትሠራው። ፖስተር አልሰቅልም ብላ ነበር። «እኔ የምለጥፈው የዋጋ ወረቀት ብቻ ነው፣ የሰው ፊት አልሸጥም» ብላ። ወጣቶቹ በላዩ ላይ የራሳቸውን ቁልፍ ቆለፉበት። ዳቦው ውስጥ እንዳለ።

እኛ ጋ መጥታ ታለቅስ ነበር። አባዬ ውሃ ሰጣት። ከዚያ ወጥቶ ፖስተሩን አየው። የተላቀቀውን ጥግ በሽቦ አጠበቀ።

ምን ልበለው? እሱም እውነቱን ነው። እሷም እውነቷን ነው። ሁሉም እውነቱን ነው እና ሁሉም ነገር እየተበላሸ ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 13

የእነ ማ ኖምቩላን መስኮት በድንጋይ ሰበሩት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፈዋል። የጻፉትን እዚህ አልጽፈውም።

የዲኔዎ ሚኒባስ ዛሬ ባዶዋን ወጥታ ባዶዋን ተመለሰች። ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጥተዋል። ትናንት አብረዋት እየዘፈኑ ይሄዱ የነበሩት! አንዱ ልጅ ቺፕሱን እያኘከ፣ «ማይፍሬንድ፣ ሁለቱን ሴቶች ያባርሯቸዋል አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። እንደ ኳስ ውጤት ነው የጠየቀኝ።

ማ ኖምቩላ ጎንበስ ብላ መስታወት ትሰበስባለች። መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ግቢው መሃል ስደርስ አባዬ «ትህትና» አለኝ።

ተመለስኩ። መጥረጊያውን ይዤ ተመለስኩ። ማ ኖምቩላ አይታኛለች። አይታኝ ወደ መስታወቱ ተመለሰች።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


እሑድ፣ ጥቅምት 15

ቤተ ክርስቲያን አንድም ጸሎት አልመጣልኝም። አቤቱ ብቻ። አቤቱ... ከዚያ ባዶ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ፋንታሁን መጣ። ከሽምግልናው በኋላ ሱቃችን ሲመጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። አባዬ ኮልድሪንክ፣ ለስላሳ፣ ሲሰጠው አልጠጣም፣ በእጁ ያሽከረክረዋል።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ቅዳሜ የኮዛ ሰልፍ በዚህ ያልፋል። እዚህ በር ላይ ይቆማል። እስከ ዓርብ ስቶክህን፣ ያለህን ዕቃ ሁሉ፣ አውጣ።»

«ፖስተሩ አለ አይደል እንዴ? ሱቁን አንነካም ብለዋል።»

«ብለዋል። ግን ቤትና ጋራዡ አንድ ጣሪያ ነው። እሳት ፖስተር አያነብም።»

አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ለእነዚያ ሴቶች ነገራችኋቸው?»

ፋንታሁን እኔን አየ፣ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «እኔ እንዲህ ይሆናል አላልኩም ነበር። ተናድጄ ነው... ቤቱን ሲጠይቁኝ ተናድጄ ነው ያሳየኋቸው። ጋሼ፣ ሙት፣ እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

ሲሄድ ኮልድሪንኩን ረስቶት ሄደ።

«ጀርሚስተን ከተማ እንሄዳለን፣» አለ አባዬ። «ወዳጄ ኤሊያስ ዘንድ። ቅዳሜ ማለዳ።»

«ለእነ ማ ኖምቩላስ?»

«እኛን አይመለከትም።»

«ያን ጊዜ ዕቃችን አልጋቸው ላይ ነበር።»

ድምፄ ወጣ። ራሴም ደነገጥኩ። አባዬም። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር... አልተቆጣም። «ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣» አለ። «እናትሽን ቀብሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ጀግንነት የለኝም።»


ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ሄድኩ። አባዬ ዕቃ ሲያሽግ በእነ ማ ኖምቩላ ኩሽና በር ገባሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አልገባሁም ነበር። የተሰበረው መስኮት ላይ ካርቶን ተለጥፏል፣ የእኛው ሱቅ የዘይት ካርቶን።

አፌን ከፈትኩ። ቅዳሜ ሰልፍ አለ፣ እዚህ ይቆማሉ፣ እሳት ሊኖር ይችላል፣ አልኩ። ሁሉንም ቀጥ አድርጌ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«እናውቃለን፣» አለች ዲኔዎ። ዓይኗ አብጧል። «ፖሊስ ጋ ሄደን ነበር። ነገር ሲፈጠር ደውሉ አሉን።»

«እና አትሄዱም?»

«ለሷ ንገሪያት! እኔ አባቴ ቤት እንሂድ ካልኩ ሳምንት ሆነኝ።»

ማ ኖምቩላ ድንች ትልጥ ነበር። «የት ልሂድ? ይሄ ቤቴ ነው። ከእነዚያ ልጆች ግማሾቹን ክትባት የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ሲያለቅሱ ከረሜላ ሰጥቻለሁ። ወንበሬን አውጥቼ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ፊቴን እያዩ ይወርውሩ።»

«እሷ ከተቀመጠች እኔስ ምን አደርጋለሁ?» አለች ዲኔዎ። «እቀመጣለኋ። አግብቻታለሁ እኮ።» ልታስቃት ፈልጋ ነበር። ሳይስቁ ቀሩ።

የማ ኖምቩላ የድንች ልጣጭ እየተቆረጠ ይወድቃል። ሁልጊዜ አንድ ረጅም ልጣጭ ነበር የምታወጣው።

«አንቺ ሂጂ ቲቲ። ከአባትሽ ጋር ሂጂ። በጥር ግን ትምህርት ቤቱን እንዳትረሺ።»

በጥር...


ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ሱቁ ባዶ ሆነ። ፍሪጁ ከተነቀለ ጸጥታው ያስፈራል። ድምፁ እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር። ፋንታሁን ፒክአፑን አቁሞልን ሄዷል፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኗል። የቀሩት የዳቦ ሳጥኖቹ ብቻ ናቸው። ፖስተሩም። ነፋስ ሲነካው ሽቦው ይንጫጫል።

አባዬ ባዶው መደርደሪያ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ስቶኩ ወጥቷል፣ ፖስተሩ ለምን ይቀራል? ሁለት ጊዜ ወጥቶ አየው። አንዴ ፒንሳ ይዞ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ወጣቶቹ ተቀምጠው ያዩታል። ፒንሳውን ኪሱ ከቶ ተመለሰ።

እኔ ልንቀለው? ይሄን ሁሉ ቀን አስቤዋለሁ። ሽቦው ቀላል ነው። ግን የሰቀለው ራሱ ይንቀለው ብላለች። እኔ ከነቀልኩት እሱ ያው እንደ ሰቀለ ይቀራል።

እፈራለሁ። ነገ ማርያም ናት። እሷስ ታየን ይሆን? ከሰልፉ በኋላ ይሄ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም። የሞቱ ሰዎች ዜና ውስጥ ስማቸው በአንድ ቀን ነው የሚረሳው። የእኛ ሰዎች ሲሞቱ ስማቸውን እንኳ አይሉም፣ «ባለሱቁ» ነው የሚሉት።

እስከ ዛሬ የሰው ቃል ነው ያስተላለፍኩት። የሽማግሌዎቹን፣ የኮዛን፣ የማ ኖምቩላን። የኔን ለማንም አልተናገርኩም።

ነገ ማለዳ አባዬ ፒክአፑን ሲያስነሳ አልገባም። «ንቀለው» እለዋለሁ። በአማርኛ፣ መንገድ ማዶ እስኪሰማ። ቢቆጣ ይቆጣ። ቢሄድም... ይሂድ፣ አልፈርድበትም። ከዚያ ከሁለቱ ወንበሮች አጠገብ እቀመጣለሁ። ወንበር የለኝም፣ የዳቦ ሳጥን ገልብጬ። ልጆቹ ማይፍሬንድ ሲሉኝ ስሜ ትህትና ነው እላቸዋለሁ፣ እዚህ ነው የምኖረው እላቸዋለሁ።

ሳጥኑን አሁን አውጥቼ በሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አጠገቡ ደግሞ ሌላ አንድ። ለአባዬ። ምናልባት...